ላቫጆዬን ከማታ ጭቅጭቅ ላወጣው ልጅ

ሰላም ወገን። እኔ ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር»፣ ሲያገባ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ የማልፍ ነኝ። ዛሬ ግን የላቫጆዬን ኮምፒውተር ያስተካከለልኝ የአንድ ልጅ ውለታ ከብዶኛል። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ መውጫው አካባቢ ላቫጆ አለኝ። ከዚያ በፊት 19 ዓመት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ መንዳቱን ትቼ ማጠብ ጀመርኩ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የድሮ ጓደኞቼ ናቸው። ከአፋር ጨው ጭኖ የወጣ፣ የሚሌን አቧራ ለብሶ የመጣ፣ ወደ ደሴ ሊወጣ የሐረጎን ዳገት ከመጀመሩ በፊት እኔ ጋ ጎራ ይላል። (ጨው የምትጭኑ ልጆች፣ ከስር በደንብ ሳታሳጥቡ አትሂዱ፤ ሻንሲው ከተበላ በኋላ ነው የምትሰሙት።) ሥራው አለ። የጠፋው ሒሳቡ ነበር።

ላቫጆ የሠራ ሰው ያውቀዋል። አጣቢ የሚከፈለው ባጠበው መኪና ልክ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ይሰበሰባል። አንዱ «9 አጥቤያለሁ» ይላል፣ ደብተሩ 7 ይላል፣ ደብተሩ ደግሞ ውሃ ነክቶት 7ቱ ራሱ 7 ይሁን 1 አይለይም። ካሸሯ ታለቅሳለች። እኔ እጮሃለሁ። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ብሩ ከመኪናው ብዛት ጋር አይገጥምም። እውነቱን ለመናገር አንዱን አጣቢ ጠርጥሬው ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ኮምፒውተር አስገባ» አሉኝ። አስገባሁ። የመጀመሪያው ባለሙያ ትልቅ ሳጥን አምጥቶ «ይሄ ሰርቨር ነው» ብሎ ካሸሯ ጠረጴዛ ስር ወሸቀው፣ ሁለት ታብሌት ሰጠን፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ሰርቨር ማለት፣ እንደ እኔ ላልገባችሁ፣ ሁሉም የሚጽፍበት አንድ እናት ደብተር ማለት ነው። በር ላይ ያለው ልጅ ታርጋ ይመዘግባል፣ ካሸሯ ክፍያ ትመዘግባለች፣ ሁለቱም የሚያርፈው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ጥሩ ነገር ነው። የኛው ግን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ድርግም ይላል። ስደውል «ቫይረስ ነው» ይለኛል። መጥቶ ፎርማት ያደርጋል። ፎርማት ባደረገ ቁጥር የተመዘገበው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል፣ እኛም ወደ ደብተራችን እንመለሳለን። ሦስት ጊዜ ፎርማት አደረገ፣ ሦስት ጊዜ አስከፈለኝ። በአራተኛው ስልክ ማንሳት አቆመ።

ይሄኔ ነው የደሴ ሚኒባስ የሚነዳ ወዳጄ «ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ኮምፒውተር የሚሠራ አንድ ልጅ አለ» ያለኝ።

ልጁ ሐሙስ ጠዋት መጣ። ክረምት ነበር። የሐረጎን ጉም በወፍራም ጃኬት ተሻግሮ ወረደና እኛ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ አስወለቀው። አሁን ኮምፒውተሩን ይፈታል ብዬ ስጠብቅ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠበት። እስከ ምሳ ሰዓት ዝም ብሎ ሥራ ያያል። መኪና ሲገባ ያያል፣ ልጆቹ በእርጥብ እጃቸው ታብሌት ሲነኩ ያያል፣ ካሸሯ ብር ስትቀበል ያያል። ልጆቹ «የገቢዎች ሰው ነው እንዴ?» እያሉ መንሾካሾክ ጀመሩ። እኔም ልጠይቀው ስል እሱ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ሲነሳ አምፖሉ ለምን ይፈዛል?»

አራት ዓመት ሙሉ ያንን አምፖል አይቼዋለሁ። ይፈዛል፣ ይመለሳል። ለምን ብዬ አላውቅም። እሱ ግን የፓምፕ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ እንደሚስብ፣ በዚያች ቅጽበት መስመሩ ላይ ያለው ቮልት ዝቅ እንደሚል፣ ኮምፒውተሩም ከፓምፑ ጋር አንድ መስመር ላይ ስለተሰካ ያችን ቅጽበት መቋቋም አቅቶት እንደሚጠፋ አስረዳኝ። ሹፌር ነኝና ወዲያው ገባኝ። ሞተሪኖው (የመኪናው ማስነሻ) ሲመታ የካቢና መብራት አይደክምም? ያው ነው። «ቫይረሱ ፓምፑ ነው» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ሦስቱ ፎርማት ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

«እሺ፣ አዲስ ሰርቨር ስንት ይፈጃል?» አልኩት። «ሳጥኑ ደህና ነው፣ አይግዙ» አለኝ። ይሄን ቃል ከሻጭ አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለሳጥኑ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ብቻ አስገዛኝ። የሚጻፈው ነገር በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ዊንዶውስም አንስቶ በቦታው ሊኑክስ የሚባለውን ጫነ፤ ምክንያቱም የድሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወረፋው እስከ አስፋልት ሲደርስ፣ «አፕዴት እያደረግኩ ነው፣ ጠብቁ» የሚል ጠባይ ነበረው።

ከዚያ ወደ ኤሌክትሪኩ ገባ። ሽቦውን ራሱ አልነካም። «ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም» ብሎ ኤሌክትሪሻን አስመጣ፣ ይሄን ደግሞ በጣም ወደድኩለት። ለሰርቨሩ ብቻ ከቆጣሪው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ወጣ። አርዚንጉም (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይመታ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ተፈተሸ። አርዚንግ የምትሉት ሽቦ መሬት ውስጥ አልገባም ነበር፣ ግድግዳው ጋ ተቆርጦ ቀርቷል! ቀኑን ሙሉ ባዶ እግራቸውን ውሃ ውስጥ የሚቆሙ ልጆች ባሉበት ግቢ። ስለ ኮምፒውተር ብላችሁ ባታስፈትሹ እንኳ፣ ላቫጆ ያላችሁ ስለ ሰው ነፍስ ብላችሁ ነገ አስፈትሹ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለትንሽ ጊዜ በባትሪ የሚይዘው ዕቃ) ነበረን። ግን ሰርቨሩ እሱ ላይ አልተሰካም፣ ሁለቱም አይነጋገሩም ነበር። ከኋላው አንዲት ቀጭን ኬብል አለች፣ ሁላችንም ከነፕላስቲኳ ካርቶን ውስጥ የምንተዋት። ሰርቨሩን ዩፒኤሱ ላይ አደረገው፣ እሷንም ሰካት። አሁን መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ቶሎ ከተነሳ ምንም አይሆንም። ካልተነሳና ባትሪው ሊያልቅ ከሆነ ሰርቨሩ የከፈተውን ሁሉ ዘግቶ፣ በሥርዓት ይተኛል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ማንም በተን ሳይጫን ራሱ ይነሳል። ይሄ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚስተካከል አንድ ነገር ነው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ድሮ እኮ ካሸሯ እስክትመጣ በር ላይ መኪና ይሰለፍ ነበር።

ሳጥኑን ደግሞ ከጠረጴዛ ስር አወጣው። ውሃ ከሚረጭበት በተቃራኒ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጎ፣ ማራገቢያና የአቧራ ማጣሪያ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ሰቀለው። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። «ደሴ ቢሆን አልጨነቅም ነበር፣ እናንተ ጋ ግን ከሰዓት በኋላ ይጋገራል» ብሎ በቆርቆሮውና በሳጥኑ መሃል ኮርኒስ አስመታ። ኬብሎቹ የሚገቡት ከታች ነው፣ ከመግባታቸው በፊትም እንደ ሆድ ወደ ታች ጎበጥ ይላሉ። ለምን ቢባል፣ በኬብሉ ላይ የሚወርድ ውሃ ሆዱ ጋ ሲደርስ ወደ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ ሳጥን አይገባም። ትንሽ ነገር ናት። ግን ትንሽ ነገር የሚያስብ ሰው ነው የጠፋው።

ውጭ አገር ያሉ ላቫጆዎችን በቪዲዮ አሳይቶኛል። መኪናው በሰንሰለት እየተጎተተ በዋሻ ያልፋል፣ ካሜራ ታርጋ ያነባል፣ በሩን የሚከፍተውም የትኛው ብሩሽ እንደሚዞር የሚያዘውም ከግቢው ሰርቨር ጋር የተገናኘ ነው። «እኛስ?» ስለው «እናንተ ጋ ብሩሾቹ ልጆቹ ናቸው» አለኝ። ግን እዚያም ሰርቨሩን ግቢ ውስጥ የሚያስቀምጡበት ምክንያት ከኛ ጋር አንድ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ መቆም የለበትም። የኛ ታብሌቶች ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙት በግቢው ዋይፋይ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ መኪናው ይመዘገባል።

እዚህ ላይ ሌላ የቆየ በሽታ ነበረብን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ታብሌቶቹ ሰርቨሩን አያገኙትም። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር በተነሳ ቁጥር ለሰርቨሩ አዲስ አድራሻ ይሰጠው ነበር፣ ልጆቹ ደግሞ በድሮው አድራሻ ይፈልጉታል። የቤት ቁጥሩ በየሳምንቱ የሚቀየር ሰው ቤት ለቅሶ እንደ መድረስ በሉት። ልጁ የማይቀየር ቁጥር ሰጠውና ሳጥኑ ላይ በማርከር ጻፈው። አለቀ።

ታብሌቱ በእርጥብ እጅ እምቢ ይል የነበረውንም አስተካከለ፤ በር ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነች የቁጥር ኪቦርድ አደረገልን፣ ልጆቹ የታርጋውን ቁጥር በሱ ይመታሉ። ሰዓቱን ወደ እኛ ሰዓት፣ ቀኑንም ወደ እኛ ቀን መለሰው። ውስጥ ለውስጥ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚይዝ፣ ለኛ ሲያሳይ ብቻ እንደሚቀይረው ነገረኝ። የድሮው ፕሮግራም ጳጉሜን አያውቃትም ነበር። በ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን የስድስቱን ቀን ሒሳብ በየትኛው ወር እንደምንከፍል ስንጨቃጨቅ እንቁጣጣሽ ደረሰ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ግን ብለምነውም አልነካም፤ «እሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚከፍተው» አለ።

ስለ ባካፕ፣ ማለትም ስለ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ትንሽ ልበል። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የሆነውን እናውቃለን። ስንመለስ ደብተሩም፣ ካዝናውም፣ ፓምፑም አልነበረም። ማን ስንት እንዳለበት፣ ለማን ስንት እንዳለብኝ የማወቂያ መንገድ ጠፋ። ይሄን ስነግረው ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ዲስኮች አስገዛኝ። ሰርቨሩ ማታ ማታ አንዱ ላይ ይገለብጣል፣ በየሳምንቱ እሱን ቤት እወስድና ሌላውን አመጣለሁ። «ሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ ስላልኩዎት እንዳይዘናጉ፣ ሳጥኑ ከተወሰደ ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ልቤን በአፌ የሚያመጣ ነገር አደረገ። እያየሁት የአንድ ሳምንት ሒሳብ አጠፋ። ከዚያ ከዲስኩ መልሶ አወጣው። «ያልተሞከረ ባካፕ ነፋስ የሌለው ስኮርታ ነው» አልኩት፣ አሁን እሱ ለሌላ ደንበኛ ሲናገረው ሰምቻለሁ። የኔ መሆኑ ይታወቅ።

እና ሌባውስ? ልጁ ፕሮግራሙ ላይ «ነጻ» የሚል በተን ጨምሮ ነበር። በነጻ የታጠበ መኪና ማን እንዳዘዘ ሳይጻፍ አይወጣም። ወሩ ሲያልቅ ዝርዝሩን አየሁት። 61 መኪና በነጻ ታጥቧል። 58ቱ በእኔ ትእዛዝ! የድሮ ጓደኛ ሲመጣ «የኛው ነው፣ እጠቡለት» እላለሁ፣ ልጆቹ ያጥባሉ፣ የጉልበታቸውን ይጠይቃሉ፣ ካዝናው ግን ብር አላየም። እኔ ደግሞ ማታ ሌባ ፍለጋ እጮሃለሁ። ያንን የጠረጠርኩትን ልጅ ሁሉም ባሉበት ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ 9 ነው ስልዎ 9 ነው» አለኝ። አዎ፣ 9 ነበር።

ልጁ እንከን የለውም አልልም። ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ 4 ሰዓት ይመጣል። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ስልኩን አያነሳም። ፕሪንተሩ እስካሁን አንዳንዴ ወረቀት ይበላል፣ ስነግረው «አብሽር ጋሼ፣ መጣሁ» ብሎ ሳምንት ይቆያል። ግን ሠርቶ ሲጨርስ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ፣ የኬብሎቹን አቀማመጥ በደብተር ስሎ አስረከበኝ፣ «እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ይሥራበት» አለ። ከሩቅ ሲያስተካክል የሚገባበትንም መንገድ እኔ ሳልፈቅድ እንዳይከፈት አድርጎ ዘግቶታል። ያስከፈለኝ ሁሉ ተደምሮ የመጀመሪያው ሰውዬ ከወሰደው ግማሹን አይሞላም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም። እናቱ «የሰው ዓይን ያርፍብሃል» ብለው ከልክለዋል፣ የእናት ቃል አልጥስም። ላቫጆ፣ ጋራዥ፣ ማደያ ያላችሁ፣ ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ፣ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ወይ መኪናችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ፣ ሰርቨሩንም አሳያችኋለሁ። ስትታጠቡ ግን ከፍላችሁ ነው፤ «ነጻ» የሚለው በተን የሚስጥር ቁጥሩ አሁን ያለው ካሸሯ ጋ ነው፣ ለእኔም አትነግረኝም።