ከአዳማ የገዛሁት የዋና ቁምጣና የክሎሪን ነገር

ሱቁን ስሙን አልጠራም። ሻጩ ግን ምላሱ ጤፍ ይቆላል። «ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ እስቲ ሳበው» አለኝ። ሳብኩት፣ ተለጥጦ ተመለሰ፣ አለቀ፣ ከፈልኩ። ውስጡ የተሰፋችውን ምልክት ያነበብኳት ቤት ገብቼ ነው፦ 80 በመቶ ናይለን፣ 20 በመቶ ስፓንዴክስ።

እውነቱን ለመናገር ሲለበስ ይመቻል። ናይለኑ ለስላሳ ነው፣ በቀላሉም አይቀደድም። የሚለጠጠው ስፓንዴክሱ ነው፤ ያው ላይክራ የምንለው፣ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው። ችግሩ ክሎሪን፣ ያ የገንዳ ውሃ ማጽጃ ኬሚካል፣ አይችልም። እኔ ደግሞ በአዳማ ሙቀት በሳምንት ሦስት ቀን ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ መቀመጫው ላሸቀ፣ ጨርቁ ሳሳ፣ የተበጣጠሱ ነጫጭ ክሮች እንደ ሽበት ብቅ ብቅ አሉ። አንድ ቀን በአንድ እጄ ቁምጣዬን ይዤ በሌላው ዋኝቼ ወጣሁ።

ይዤው ተመለስኩ። «በበረኪና አጥበኸው ነዋ!» አለኝ። በረኪና አላስነካሁትም፤ ግን ሳስበው ልጁ ሳያውቀው እውነት ተናግሯል፤ የገንዳው ክሎሪን የበረኪና የሥጋ ዘመድ ነው።

ሁለተኛውን ሌላ ሱቅ ገዛሁ፣ 400 ብር ጨምሬ፣ ምልክቱን መጀመሪያ አንብቤ፦ 53 በመቶ ፖሊስተር፣ 47 በመቶ ፒቢቲ። ፒቢቲ ራሱ የፖሊስተር ዓይነት ነው፤ ስፓንዴክስ ሳይገባበት ትንሽ ይለጠጣል፣ ክሎሪንም ይችላል። ሲነካ ደረቅ ይላል፣ ስትለብሰውም ትንሽ ያስቸግራል። ግን ስድስት ወሩ ነው፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ከገንዳ እንደወጣሁ በንጹህ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፣ ጥላ ላይ አሰጣዋለሁ። ለሶደሬ ፍል ውሃ ሌላ አሮጌ አለኝ።

ከመጀመሪያው ሱቅ የሩጫ ቲሸርትም ገዝቼ ነበር፣ መቶ በመቶ ፖሊስተር። እሱን አላማውም። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ጀርባ ላይ ሲከብድ ይሄ ውሃ ስለማይመጥ ቶሎ ይደርቃል። ሽታው ግን አያድርስ ነው፤ የላቡን ቅባት ይዞ ስለሚቀር ታጥቦም፣ ሰውነት ሲሞቅ ይመለሳል። ሮጣችሁ ስትገቡ ሳታሳድሩ እጠቡት።

የላሸቀውን ቁምጣ ጎረቤቴ ባጃጁን እንዲወለውልበት ሰጠሁት። እሱም «ይሄ ነገር ውሃ አይመጥም» ብሎ መለሰልኝ።