ጠባሴ ያለው ጎሚስታ፦ ለብስክሌት ነጂዎች

ይሄ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ብስክሌት ለምትነዱ ነው። መኪና ያላችሁ እለፉት።

ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወደ ቻጫ ወይም በአንኮበር መንገድ ወጣ እላለሁ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ለመንዳት ይመቻል፣ ነፋሱን ከቻላችሁት። ያማረረኝ የኋላ ጎማዬ ነበር። ዛሬ ተለጥፎ ነገ ይተነፍሳል። ሁለት ሦስት ጎሚስታ ጋ ሄድኩ፤ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነው፤ ከመነዳሪውን (የውስጡን ላስቲክ) መዞ ማውጣት፣ ሳፋ ውስጥ መንከር፣ አረፋ የወጣበትን መለጠፍ፣ መንፋት፣ በቃ ሂሳብ። ቀዳዳውን ምን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። አንዱማ «ጎማህ ዕድለ ቢስ ነው» ብሎኝ አረፈ።

ጠባሴ አካባቢ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች የቆርቆሮ ሱቅ ሰው ጠቁሞኝ ነው የሄድኩት። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በር ላይ የተደረደረው የአይሱዙና የባጃጅ ጎማ ስለሆነ ብስክሌት ይሠራሉ ብዬ አልጠበቅኩም።

ሥራቸው ከሌሎቹ የሚለየው ገና ጎማው ሳይወጣ ነው። መንፊያው (አየር የሚገባበት አፍ) ያለበትን ቦታ በውጭው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ከመነዳሪውን አውጥተው፣ ቀዳዳውን አግኝተው፣ መንፊያውን ከጠመኔው ምልክት ጋር አስተካክለው ውጭኛው ጎማ ላይ መልሰው ያስተኙታል። ቀዳዳው ያረፈበት ቦታ ላይ ወንጀለኛው አለ ማለት ነው። በዓይን ካልታየ ጥጥ ይዘው የጎማውን ውስጥ ይዳብሳሉ፤ ጥጡ የሚይዝበት ቦታ ላይ በጉጠት ይነቅላሉ። ከኔ ጎማ ያወጡት የፀጉር ያህል የቀጠነ የብረት ክር ነበር። «ይኸውልህ ባለዕዳህ» ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከውጭ አይታይም፤ ጎማው መሬት ሲጫን ብቻ ነው ወደ ውስጥ ብቅ የሚለው። አዲስ ከመነዳሪ ብገዛም ያንኑ ይበሳው ነበር።

ይሄ ክር ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከከባድ መኪና ጎማ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ውስጡ በብረት ክር የተሠራ ነው፤ ሲፈነዳ ክሩ አስፋልቱ ላይ ይበተናል፣ የሚያልፈው መኪና ደግሞ ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። ጠርዙ ላይ ያለነው እኛ ነን። የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ታውቁታላችሁ። ከአስፋልት ስትወጡ ደግሞ የቀጋና የኮሽም አጥር አለ፤ አጥር በተከረከመ ሰሞን መንገዱ እሾህ በእሾህ ይሆናል። ወደ ሸዋ ሮቢት ከወረዳችሁ የግራር እሾህ ነው፤ እሱ እንኳን የብስክሌት ጎማ ጫማም አይመልሰው።

ጋሼ ቀዳዳውን አይተው ምክንያቱን ይናገራሉ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ራሴ እያየሁ ነው። ቀዳዳው በመሬቱ በኩል ከሆነ እሾህ፣ ጠርሙስ ወይም ሽቦ ነው። በቸርኬው በኩል ከሆነ እሾህ መፈለግ ድካም ነው፤ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዘው ሽቦ ጫፍ ወጥቷል ወይም ያን ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ ደግሞ አየር አንሷችሁ ድንጋይ ወይም የኮብልስቶን ጠርዝ መታችሁ፣ ቸርኬውም ከመነዳሪውን ቆነጠጠው ማለት ነው።

ልጥፋቸውም ጥሩ ነው። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይፍቃሉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡና ደርቆ ጣት ላይ እስከማይነካካ ይጠብቃሉ። እዚህ ጋ ነው ብዙዎቹ የሚያበላሹት፤ እርጥቡ ላይ ይለጥፉበታል። ቸኩዬ ሰዓት ሳይ «ከቸኮልክ በእግርህ ሂዳ የኔ ልጅ» አሉኝ። ጣርማ በርን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው የሚያወሩት ይገባዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ይዞ ሲወረድ፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፣ በደንብ ያልያዘ ልጥፍም ይለቃል። የሳቸውን ልጥፍ ይዤ ወርጃለሁ፣ አለቀቀም።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬ። የአየር መጭመቂያቸው መለኪያ የለውም። በአውራ ጣት ጫን አድርገው «ይበቃዋል» ይላሉ። ለባጃጅ ይሆናል፣ ለብስክሌት አይሆንም። የብስክሌት ጎማ ጎኑ ላይ የሚችለው የአየር መጠን ተጽፏል፤ የራሳችሁን መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ከተማችን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ማስታወስ አያስፈልገኝም። ቀን በፀሐይ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ ሌሊት 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 4 ያህል ይቀንሳል። ጠዋት ለስለስ ብሎ ስታገኙት ሁሌ ተበስቷል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ንፉት።

ሌሎች መፍትሔዎችንም ሞክሬያለሁ። በመንፊያው የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽ ለትናንሽ የእሾህ ቀዳዳ ይሠራል፤ ግን ከወራት በኋላ ይደርቃል፣ ቀዳዳው ሰፋ ካለ ደግሞ ፈሳሹ ተረጭቶ ማስቲሽ እንዳይዝ ያደርጋል። ጋሼ ፈሳሽ ያለበት ጎማ ሲመጣላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ እውነታቸውን ነው። አሮጌ ከመነዳሪ ቀዶ በጎማው ውስጥ ማንጠፍ ርካሽ ነው፤ ይከብዳል፣ ጫፉ ካልተሞረደም ራሱ እያሸ ይበሳል። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ የሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ የሚባለው ጎማ መሬት ከሚነካው ክፍሉ ሥር 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መከላከያ ጎማ አለው። ጓደኛዬ እሱን ነው የሚነዳው፤ ዳገት ላይ ክብደቱን ያማርራል እንጂ ስለ መተንፈስ አያወራም። ለኔ ግን የጋሼ ጥጥና ጉጠት እስካለ ድረስ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አልታየኝም።

ዋጋቸው ከሌሎቹ አይለይም፤ ሽቦ ፈልገው ላወጡበት አያስከፍሉም። ወረፋ ግን አለ፣ አይሱዙ ከቆመማ ብስክሌት ወደ ኋላ ነው። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ሂዱ። በ12 እና በ21 አይከፍቱም። መንፊያው ቀጭን የሆነ፣ ፕሬስታ የሚባለው ዓይነት ብስክሌት ያላችሁ ደግሞ አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ፤ የሳቸው መጭመቂያ የሚገባው በመኪናው ዓይነት መንፊያ ላይ ብቻ ነው፣ ሱቃቸው ውስጥም አዳፕተር የለም።