አሮጌው ስቴሪዮዬና በገና የሸፈነው ብልሽት

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ የዛሬ ስምንት ወር፣ ባሕር ዳር ካለ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር በ12,000 ብር ገዛሁ። ነጋዴው «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። አልነበረም። ይህን የምጽፈው ነገ ከነገ ወዲያ ገንዘቡን ቆጥሮ እንደኔ ሱቅ በር ላይ ለሚቆም ሰው ነው።

ዕቃው ቤት በገባ በጥቂት ሳምንታት ዐቢይ ጾም ተያዘ። እኛ ቤት ጾም ሲያዝ ዘፈን ይቆማል፤ የሚሰማው በገና ነው። የበገና ዐሥር አውታሮች ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በየአውታሩ ሥር የምትገባው እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ደግሞ አውታሩ ሲመታ ያንን ሁላችንም የምናውቀውን ንዝረት ትሰጣለች። ይህ ንዝረት በስልክ ሲሰማ ቀጭን ዝዝታ ሆኖ ይቀራል። ከእነዚህ ስፒከሮች ግን ደረት የሚነካ ሆኖ ወጣ። 55ቱን ቀን የዓለሙ አጋን በገና እየሰማሁ፣ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ ተቀምጬ፣ በግዢዬ ስደሰት ከረምሁ።

ለፋሲካ እናቴ ከዘጌ በጀልባ መጣች። ሬዲዮኑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝቼ ከፈትሁላት፤ አንድ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ታሪክ ይተርካል። ጥቂት አዳመጠችና «ልጄ፣ ሰውየው በገና ይዟል እንዴ?» አለችኝ።

«አልያዘም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ከሥሩ የሚነዝረው ምንድን ነው?»

ጆሮዬን ወደ ግራው ስፒከር አስጠጋሁ። እውነቷን ነበር። ሰውየው ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር አብሮት አንድ ነገር ይርገበገባል። ሁለት ወር ሙሉ የበገናው ነው ብዬ የወደድሁት ንዝረት ከፊሉ የስፒከሩ ሕመም ነበር።

ካቻቢቴ አንስቼ የፊቱን ጨርቅ ላወልቅ ብል እንቢ አለኝ፤ ለካ ዙሪያውን በማስቲሽ ተለጥፏል። ስገዛ «እስቲ ጨርቁን አንሳልኝ» ስለው ነጋዴው «አትንካው፣ ጌጡ ይበላሻል» ያለኝ ትዝ አለኝ። ቀድጄ አየሁት። እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣውን የወረቀት ክብ ከዙሪያው ብረት ጋር የሚያያይዘው የስፖንጅ ቀለበት ሲሶው ተበጥሷል፤ የቀረውም ጣቴ ሲነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረፈረ። ወረቀቱ ወደፊትና ወደኋላ እንደ ልቡ እንዲመላለስ የሚያደርገው ይህ ቀለበት ነው። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ስፒከሩ ቢሠራም ባይሠራም ዕድሜ፣ እርጥበትና ፀሐይ ይበሉታል፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያልቃል። ከጎማ የተሠራው ግን እጅግ ይቆያል። የሐይቅ ዳር ከተማ ላይ ተቀምጦ ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው።

ተመልሼ ሄድሁ። «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም» አለኝ። ወንድሜ፣ ዋስትና አልጠየቅሁህም! ዕቃው ማርጀቱ አላስቆጣኝም፤ ማርጀቱን አውቄ ነው የገዛሁት። ያስቆጣኝ ማስቲሹ ነው። ቁስሉን አሳይተኸኝ ሁለት ሺህ ብር ብትቀንስልኝ ኖሮ ዛሬ ደንበኛህ ነበርሁ።

አጠገቡ ያለው ሻጭ ደግሞ «ይኸው፣ በዚሁ ብር ባለ 3,000 ዋት አዲስ ትወስድ አልነበር?» ይለኛል። አልወስድም። ያ ባለ መብራት ረጅም ስፒከር ከኋላው የተለጠፈበትን አንብቤዋለሁ፤ ከሶኬት የሚወስደው 60 ዋት ነው። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ከየት አምጥቶ ነው 3,000 የሚሰጠው? አስከፍቼም ሰምቼዋለሁ፤ ዱም ዱም ይላል፣ ዘፋኙ ግን ከተዘጋ በር ኋላ የሚዘፍን ይመስላል። የእኔ አምፕሊፋየር ለእያንዳንዱ ስፒከር 40 ዋት ይሰጣል፤ ለአራት በአራት ክፍል ከበቂ በላይ ነው። ክራሩ በግራ፣ መሲንቆው በቀኝ፣ ድምፃዊው መሐል ላይ ቆሞ ይሰማኛል።

ቀለበቱን አንድ ዘመዴ ከመርካቶ አመጣልኝ፤ ባለ 6.5 ኢንች፣ ጎማ። የሠራልኝ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አሮጌውን ስፖንጅ ፍቆ ለማጽዳት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀበት። አዲሱን ከለጠፈ በኋላ ማስቲሹ ሳይደርቅ ወረቀቱን በጣቶቹ ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ እየገፋ ያዳምጣል፤ ወረቀቱ ከመሐል ዝንፍ ካለ ከኋላው ያለው ጥቅል ሽቦ ከማግኔቱ ጋር ይፋተጋልና። ሲፋተግ አንዴ ሰምቶ ነቅሎ እንደገና ለጠፈው። ቀኙ ገና ባይበጠስም አብሮ ተቀየረ፤ የሁለቱ ድምፅ እንዳይለያይ ብሎ ግድ ያለኝ እሱው ነው። ከነቀለበቱ 1,800 ብር ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ከተማ አሮጌ ዕቃ መግዛት አያስፈራም።

ስለ ቀረው ብዙ የምለው የለም። አምፕሊፋየሩ 220 ቮልት መሆኑን አስቀድሜ አይቻለሁ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት 100 ቮልት ስለሆኑ ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ ቢሰኩ ይቃጠላሉ። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ሳርቃቸውና ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ ሳነጥፍ ጉምጉምታው ጠፋ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም ስቴሪዮ አያሸንፈውም፤ ዘግቶ መተኛት ነው።

ዛሬም ብሆን ይህንኑ እገዛለሁ፤ ጨርቁን አስወልቄ፣ ቀለበቱን በጣቴ ነክቼ። ጨርቅ አላነሣም የሚል ሻጭ ካጋጠመኝ ግን ዋጋ ሳልጠይቅ እወጣለሁ።

እናቴ ለመስቀል ትመጣለች። ያን ባለ ጎርናና ድምፅ ተራኪ ቀድቼ አስቀምጬላታለሁ።