ሳይቆጡ ሂሳቤን ላስያዙኝ ሰው

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ብድሬን ከፍዬ ጨረስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጽሁፍ ሳልጽፍ ዝም ማለት ውለታ መርሳት መስሎ ተሰማኝ።

የማመሰግናቸው ሰው ጡረታ የወጡ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ በዚሁ ልለፈው። ሥራቸው ገቢና ወጪው የተምታታበትን ሰው ቁጭ አድርገው ሂሳቡን ማስያዝ ነው። መክረው ብቻ አይሸኙህም። አብረውህ ይደምራሉ፣ አብረውህ ይቀንሳሉ።

እኔ የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው። ቋሚ ደሞዝ የለኝም። አንድ ወር ሦስት ሥራ ይደራረባል፣ ሌላው ወር ባዶ ይሆናል። ሲመጣ እንደ ልቤ አወጣለሁ፣ ሲጠፋ እበደራለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ብድር ላይ ደረስኩ። ባለቤቴ እንደተቸገርኩ ይገባታል፣ ግን አትጠይቀኝም። እኔም አልነግራትም። ከእጄ ማጠር ይልቅ ያ ዝምታ ነበር እንቅልፍ የሚነሳኝ።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ጋሼ "በወር ስንት ታወጣለህ?" አሉኝ። የመሰለኝን ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም። አንድ ደብተር ሰጡኝና "ለ30 ቀን የምታወጣውን ሁሉ ጻፍ። ለመቆጠብ አትሞክር፣ እንደወትሮህ ኑር። ብቻ ጻፍ" አሉኝ። ቀኑን፣ የገዛሁትን፣ የከፈልኩትን። ሌላ ምንም።

በ30ኛው ቀን ስንደምረው ከነገርኳቸው በሲሶ በልጦ ተገኘ። ቁጣ ስጠብቅ "በጣም ጥሩ፣ አሁን እውነተኛው ቁጥር እጃችን ገባ" ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ትከሻዬ የቀለለኝ። ስለ ገንዘብ ሳወራ ያልተቆጣኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ባለቤቴን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። አመነታሁ። "ቤቱ የሁለታችሁ ነው፣ ሂሳቡም የሁለታችሁ ይሁን" አሉ። መጣች። ሦስቱን ብድሮች በአንድ ወረቀት ላይ ስታይ አለቀሰች፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ራሷ መጻፍ ጀመረች። ለዚያች ሰዓት ብቻ ጋሼን ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

ድንገተኛ ወጪ የምላቸውን ነገሮች ሲያዩ ግን ፈገግ አሉ። የኢንሹራንስ ክፍያ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ግብር። "በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመጣ ነገር ምኑ ነው ድንገተኛ?" ሁሉንም ደመርን፣ ለ12 አካፈልን፣ የወሩን ድርሻ በየወሩ ለብቻው ሂሳብ ማስገባት ጀመርን። ካሁን በፊት ብድር ውስጥ የከተተኝ አብዛኛው ነገር በዚህች ብቻ ተዘጋ።

ብድሮቹ ጋ ስንደርስ ደግሞ ያላየሁት ነገር ወጣ። አንዱን "10 በመቶ ወለድ ብቻ" ተብዬ ነበር የወሰድኩት፣ በ12 ወር የሚያልቅ። ሌላው 15 በመቶ ነው። ውዱ 15ቱ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ጋሼ ውሎቹን አገላብጠው አዩና "ወለዱ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በወሰድከው ሙሉ ገንዘብ ላይ?" ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ልዩነት መኖሩን አላውቅም ነበር። 15 በመቶው በቀረው ዕዳ ላይ ነው። 10 በመቶው ግን በሙሉው ላይ ነው፤ ግማሹን ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላም ሁሉም ገንዘብ እጄ እንዳለ አድርጎ ያስከፍለኛል። እኩል መንገድ ላይ አስቀምጠው ሲያሰሉት 18 በመቶ ገደማ ሆነ። ርካሽ ያልኩት ነው ውዱ!

ታዲያ እሱን ቶሎ ልክፈለው ብዬ ተነሳሁ። "ቆይ" አሉኝ። "ቀድመህ ብትከፍል ወለዱ ይቀነስልህ እንደሆነ ሄደህ ጠይቅ።" ጠየቅሁ፣ አይቀነስም ተባልኩ። እንግዲያው መቻኮሉ ምንም አይጠቅመኝም። እሱን በጊዜው እየከፈልኩ፣ ትርፍ ገንዘብ ስትገኝ ወለዱ በሚቀንስልኝ በ15ቱ ላይ ማዋል ነበረብኝ። ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅልኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ገንዘቤን በከንቱ አፈስ ነበር።

ሦስተኛው ከዘመድ የተበደርኩት ነው፣ ወለድ የለውም። በሂሳብ ከሄድን መጨረሻ የሚከፈል እሱ ነው። እኔ ግን ሰውየውን ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ጋሼ ሁለቱንም መንገድ ደምረው አሳዩኝ። የሚጨምርብኝ ወለድ ትንሽ ነበር። "የዘመድህን ቅደም" አሉኝ። ቁጥር ሲያውቁ ሰውም የሚያውቁ ናቸው።

ገቢዬ የሚዋዥቅ ስለሆነ ለራሴ ደሞዝ እንድከፍል አደረጉ። ያለፈውን 12 ወር ገቢ ደመሩ፣ የግብሩን ቀነሱ፣ ለ12 አካፈሉ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ አንድ አምስተኛ ቆረጡ። የቀረው ደሞዜ ሆነ። ማንኛውም ክፍያ መጀመሪያ የሥራው ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ የግብሩ ድርሻ እዚያው ቀን ይለያል፣ ወር ሲገባ ደሞዜን ወደ ቤት አዞራለሁ። አሁን ሥራ በጠፋበት ወርም ቤታችን ያው ነው። የሦስት ወር መጠባበቂያ ሞልተናል፣ ወደ ስድስት እየሄድን ነው።

መሃል ላይ አንድ ወዳጄ በወር 10 በመቶ ትርፍ የሚሰጥ ቦታ አለ ብሎኝ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ጋሼ ወረቀት አውጥተው አባዙ። ትርፉ ትርፍ እየወለደ ገንዘቡ በዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። "ይህን የሚያውቅ ሰው ያንተን ገንዘብ ለምን ይለምናል?" አሉኝ። ከዚያ በ1920 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ስለሰበሰበው ስለ ቻርለስ ፖንዚ አወሩልኝ። ለቀደሙት የሚከፍለው ኋላ ከመጡት ገንዘብ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። እኔም ተውኩት።

ክፍያቸው በቀጠሮ ነው፣ ሥራው ሳይጀመር ነው የሚነግሩህ። ከባንክም ሆነ ከኢንሹራንስ ኮሚሽን አይቀበሉም። የይለፍ ቃልህን አይጠይቁም፣ ገንዘብህን በእጃቸው አይነኩም። ስለ አክሲዮን ስጠይቃቸው "እሱ የኔ ሙያ አይደለም" አሉኝ። ይህን በግልጽ የሚል ባለሙያ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ቀን ተአምር ለሚፈልግ ግን አይሆኑም። ከእኔ ጋር ዓመት ተኩል ነው የለፉት፣ ሁሉንም በወረቀትና በእስክሪብቶ። ኤክሴሉን በኋላ ባለቤቴ ናት ያዘጋጀችው።

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡልኝ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ያብዛልዎት።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የሦስት ወር የባንክ መግለጫችሁንና የብድር ውሎቻችሁን ያዙ። ትዳር ያላችሁ አብራችሁ ሂዱ። ደብተሩን እሳቸው ይሰጧችኋል።