ለትንሽ የጊታር አምፕ «300 ዋት» የተጻፈበትን ስፒከር አትግዙ

ባለ 5፣ ባለ 10 ወይም ባለ 15 ዋት የጊታር አምፕ ያላችሁና ስፒከሩን ለመቀየር ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «የጊታር ስፒከር፣ 12 ኢንች፣ 300 ዋት፣ ትልቅ ማግኔት» እየተባለ በርካሽ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ብዙውን ጊዜ የጊታር ስፒከር አይደለም። ለመኪና ወይም ለቤት ሙዚቃ የተሠራ የቤዝ ስፒከር ነው፤ የተቀየረው ጀርባው ላይ ያለው ተለጣፊ ብቻ ነው። ትንሹ አምፕ ላይ ሲገጠም ድምፁ ከድሮው ያንሳል፣ በጨርቅ የተሸፈነ ይመስል ይታፈናል። ሻጩ ሲጠየቅ «አምፕህ አቅም ስለሌለው ነው፣ ተለቅ ያለ ግዛ» ይላል። እንዳትሰሙት። አምፑ ደህና ነው።

ሽወዳው የሚሠራው ዋት የሚለውን ቃል ብዙ ሰው አሳስቶ ስለሚረዳው ነው። አምፕ ላይ የተጻፈው ዋት አምፑ የሚያወጣው ኃይል ነው። ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ግን ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ የሚሰጠው ድምፅ አይደለም። ባለ 5 ዋት አምፕ 300 ዋት ከሚችል ስፒከር ጋር ቢገናኝ የሚያወጣው ያንኑ 5 ዋት ነው። ያ 5 ዋት ምን ያህል ድምፅ ይሆናል የሚለውን የሚወስነው ሌላ ቁጥር ነው። ሴንሲቲቪቲ ይባላል፣ በዴሲቤል ይጻፋል፤ ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ርቆ የሚለካው የድምፅ መጠን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ አስፈላጊ ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የአምፑን ዋት በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው፣ 10 ዴሲቤል ደግሞ አሥር እጥፍ ከማሳደግ ጋር። ሴሌስሽን የተባለው የስፒከር አምራች ጂ12ኤም ግሪንባክ 25 ዋት የሚችል ሲሆን ሴንሲቲቪቲው 98 ዴሲቤል ነው። የዚያው ድርጅት ቪንቴጅ 30 ደግሞ 100 ዴሲቤል ነው፣ የሚችለውም 60 ዋት ነው፤ ስሙ ላይ ያለው 30 ዋቱ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ አይደለም። የመኪና ቤዝ ስፒከር ግን በአብዛኛው ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል መካከል ነው። እንግዲህ 98 የነበረውን አውጥታችሁ 88 ካስገባችሁ፣ ባለ 5 ዋት አምፓችሁ የግማሽ ዋት ያህል ብቻ ይሰማል ማለት ነው። በተቃራኒው 90 የነበረውን በ100 ብትተኩት ያው አምፕ የ50 ዋት ያህል ይጮሃል። ከአምፑ ውስጥ አንዲት ሽቦ ሳትነኩ! ለትንሽ አምፕ ገንዘብ የሚገባው ዴሲቤሉ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ማስታወቂያው ላይ ዋቱ በትልቁ ተጽፎ ዴሲቤሉ የትም ከሌለ፣ ሻጩን ጠይቁት። ካላወቀው ወይም «እሱ ምንም አያደርግም» ካለ ጉዳዩን እዚያው ተዉት።

ብዙ ዋት የሚችል ስፒከር ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። 75 ዋት እየቻለ ሴንሲቲቪቲውም ከፍ ያለ እውነተኛ የጊታር ስፒከር አለ። ችግሩ ከፍተኛ ዋትና ጥልቅ ቤዝ አብረው ሲፈለጉ ነው፦ ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ይወፍራል፣ ኮኑ (እየተርገበገበ ድምፁን የሚሰጠው ክፍል) ይከብዳል፣ ከባድ ነገር ለማንቀሳቀስ ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ባለ 5 ዋት አምፕ ያ ጉልበት የለውም።

ድምፁ ከማነሱ የሚብሰው ደግሞ ጠባዩ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 82 ኸርዝ (በሴኮንድ 82 ንዝረት) ገደማ ነው፣ ስለዚህ የጊታር ስፒከር ከ75 ወይም ከ80 ኸርዝ በታች ለመውረድ አይለፋም። ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው አካባቢ ሆን ተብሎ ከፍ ይላል፤ የክሩ ጥራት፣ የፒኩ ንክኪ፣ ሶሎው ከሌላው መሣሪያ ተለይቶ መሰማቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከ5,000 በላይ ደግሞ በፍጥነት ይወርዳል፣ በዚህም የዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሚሻከር የጊታር ድምፅ) ሻካራ ጫፍ ይቆረጣል። የመኪና ቤዝ ስፒከር ከታች እስከ 30 ኸርዝ እየወረደ ከላይ ግን ገና በጊዜ ይሞታል። መሃሉ ላይ ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) የተተከለበት ባለ ሙሉ ድምፅ ስፒከር ደግሞ ጉዳቱ ተቃራኒ ነው፦ ንጹሕ ድምፅ ላይ ደህና ይመስልና ዲስቶርሽን ሲከፈት የንብ መንጋ ይሆናል። የአምፑን የቶን ቁልፍ በማዞር ሁለቱም አይስተካከሉም።

ዕቃውን በፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል። መጀመሪያ የኮኑን ጠርዝ ተመልከቱ። የጊታር ስፒከር ኮን ቀጭን ወረቀት ነው፤ ጠርዙም በአብዛኛው ያው ወረቀት ሆኖ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ነው። ጠርዙ ላይ ወፍራም፣ ወደ ላይ ያበጠ የጎማ ወይም የስፖንጅ ቀለበት ካለ የቤዝ ስፒከር ነው፤ ማንም ምንም ቢለጥፍበት። ኮኑ ፕላስቲክ ከሆነ እንደዚሁ ተዉት። መሃሉ ላይ ትንሽ ሁለተኛ ኮን ቆሞ ከታየ ደግሞ የሬዲዮ ወይም የጣሪያ ስፒከር ነው። የጀርባውን ፎቶም አስልኩ። የሞዴሉ ቁጥርና ኦሙ (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) ፍሬሙ ወይም ማግኔቱ ላይ በግልጽ ካልታተመ፣ ወይም «ፒ ኤም ፒ ኦ» (የተጋነነ የአፍታ ኃይል) የሚል ከተጻፈበት፣ የዋቱ ቁጥር ዋጋ የለውም። የሚታመነው «አር ኤም ኤስ» (ሳያቋርጥ የሚችለው ኃይል) ተብሎ የተጻፈው ነው፣ እሱንም ከኮይሉ ስፋት ጋር አስተያዩት። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኮይል በጊታር ስፒከር ላይ ከ15 እስከ 25 ዋት ያህል ነው የሚችለው። በዚህ ኮይል ላይ «300 ዋት» የሚል ጽሑፍ ውሸት ነው።

የማግኔቱ ትልቅነት እንዳያታልላችሁ። ትልቅ ሆኖ ደካማ የሆነ አለ፤ አንዳንዱማ ከጀርባው ባዶ የቆርቆሮ ክዳን የተደፋበት ነው። ከዚያም በላይ ትንሽ አምፕ ውስጥ ቦታ የለም፣ ሰፊ ማግኔት ትራንስፎርመሩን ወይም ቲዩቦቹን (በአንዳንድ አምፕ ውስጥ ያሉትን አምፖል መሰል የመስታወት ክፍሎች) ሊነካ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ከስፒከሩ መግጠሚያ ሰሌዳ እስከ ውስጠኛው ዕቃ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፣ የብሎኖቹንም ብዛት ቁጠሩ።

ስንት ዋት የሚችል ልግዛ ለሚለው፣ ቢያንስ የአምፑን እጥፍ ያዙ። ቲዩብ አምፕ ዲስቶርሽን ውስጥ ሲገባ ከተጻፈበት ዋት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሊያወጣ ስለሚችል ነው። ለ5 ዋት ከ15 እስከ 25፣ ለ15 ዋት 30 እና ከዚያ በላይ በቂ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ስፒከሮች ከሆኑ ኃይሉን ይካፈሉታል።

አሁን ወደ ኦም እንምጣ፤ እዚህ ላይ ስሕተቱ አምፑን ራሱን ያስከፍላል። የጊታር ስፒከር በብዛት 8 ወይም 16 ኦም ነው፣ የመኪና ስፒከር በብዛት 4። ቲዩብ አምፕ ከጀርባው የተጻፈውን ኦም ይፈልጋል፣ እኩል አድርጉለት። ስፒከር ሳይገጠምበት ደግሞ በፍጹም አብርታችሁ አትጫወቱበት፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ወጥቶ ሊያቃጥለው ይችላል። ትራንዚስተር አምፕ ከተጻፈው ከፍ ያለ ኦም ይችላል፤ 8 ለሚለው 16 ቢገጠም ኃይሉ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል እንጂ አይጎዳም። ዝቅ ያለ ግን አታግናኙት፣ ይሞቃል፣ መውጫው ይቃጠላል።

በመልቲሜትር ሲለካ የሚታየው ቁጥር ከተጻፈው ያንሳል፣ ይህ ጤነኛ ነው። 8 ኦም የሆነው ከ5.5 እስከ 7 ያሳያል፣ 16 የሆነው ከ11 እስከ 14፣ 4 የሆነው ከ3 እስከ 3.6። «8 ኦም» ተብሎ የተሸጠ ስፒከር 3.2 ካሳየ ባለ 4 ነው፣ ተሸውዳችኋል። አንዳንድ ሻጮች በዚህ ጊዜ የሚያመጡት መፍትሔ አለ፦ «ባለ 4 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ግጠምበት፣ 8 ይሆናል»። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የማይነግሯችሁ ግን የአምፑ ኃይል ግማሹ ሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ እንደሚቀር ነው። ከ5 ዋት 2.5 ዋት ማባከን ለማንም አይመከርም።

ያገለገለ መግዛት ግን እናበረታታለን፤ ለትንሽ አምፕ ጥሩ ድምፅ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገኘው እዚያ ነው። ሰዎች አዲስ አምፕ ገዝተው ወዲያው ስፒከሩን ሲቀይሩ፣ የወጣው ደህና ስፒከር በቅናሽ ይሸጣል። በ12 ኢንች ግሪንባክ፣ በ10 ኢንች የጄንሰን ፒ10አር ወይም ሲ10አር፣ በ8 ኢንች ደግሞ 15 ዋት የሚችለው የሴሌስሽን ኤይት 15 ሊፈለጉ የሚገባቸው ናቸው። የኤሚነንስ የጊታር ስፒከሮችም ተፈልገው አያሳፍሩም።

«የ1950ዎቹ ኦሪጅናል» በሚባለው ላይ ግን ረጋ በሉ። የጄንሰን ስሞች ዛሬ በጣሊያን እንደገና ስለሚመረቱ ተለጣፊው ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። የአሜሪካ አሮጌ ስፒከሮች ፍሬማቸው ላይ ኮድ አለባቸው፦ 220 ጄንሰን፣ 465 ኦክስፎርድ፣ 137 ሲ ቲ ኤስ፣ 328 ዩታ፣ 67 ኤሚነንስ ነው። ከዚያ የሚከተለው ዓመቱና ሳምንቱ ነው። 220632 ማለት ጄንሰን፣ ዓመቱ በ6 የሚያልቅ፣ 32ኛው ሳምንት ነው፤ 1956 ይሁን 1966 ኮዱ ብቻውን አይለይም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ከ53 ከበለጡ የሻጩ ንባብ ስሕተት ነው ወይም ኮዱ የውሸት ነው። በጄንሰን ስም ላይ ፒ የአልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ) ማግኔት፣ ሲ የሴራሚክ ማግኔት ምልክት ነው፤ ሲ12 የሚለውን «አልኒኮ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ጎኑ ላይ ድንጋይ የሚመስል ጥቁር ጠፍጣፋ ቀለበት ከታየ ሴራሚክ ነው። መልቲሜትር ሲነካውም ሴራሚኩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አልኒኮ ግን ብረት ስለሆነ ያስተላልፋል። ደግሞም አልኒኮ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ለስሙ ብቻ እጥፍ አትክፈሉ።

ዕቃውን ስትረከቡ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። መልቲሜትር፣ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይበቃችኋል። ኦሙን ለኩ። ከዚያ ስፒከሩን አስተኝታችሁ፣ የሁለቱን እጆች ጣቶች በኮኑ ላይ ከመሃሉ እኩል ርቀት አስቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ግፉት፤ ጆሯችሁን አስጠጉ። የመፋቅ ድምፅ ካለ ኮይሉ ማግኔቱን ይነካል፣ አትግዙት። ባትሪውን በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ ጫፎቹ ላይ ለአፍታ ብቻ ስትነኩ ኮኑ ወደ ፊት መውጣት አለበት። ኮኑን ከብርሃን ፊት ያዙት፣ ስንጥቅና የተቀባ ማጣበቂያ ፈልጉ። መሃሉ ላይ ያለው ክዳንና ጠርዙ አዲስ ሆነው ፍሬሙ የዛገ ከሆነ ኮኑ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ይህም በርካሽ ኮን ተሠርቶ ከሆነ ከስሙ በቀር የድሮው ስፒከር የለም። በመጨረሻ ከአምፕ ጋር አገናኝታችሁ በዝቅተኛ ድምፅ ወፍራሙን ክር ብቻውን ምቱ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት እያንዳንዱን ኖታ ሂዱበት። በአንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ነገር ከተሰማ የላላ ክዳን፣ ኮኑን የሚነካ ሽቦ ወይም የላላ ብሎን ሊሆን ይችላል፤ ብሎኑን አጥብቃችሁ ድገሙት።

በቪዲዮ «ስማው» ቢሏችሁ አትመኑ፣ የስልክ ማይክ ከስልክ ማይክነት አያልፍም። «ሲለመድ ይከፈታል» የሚለውንም እንዲሁ። አዲስ ስፒከር ከተወሰኑ ሰዓታት ጨዋታ በኋላ ጠርዙ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ያ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታፈነ የቤዝ ስፒከርን ወደ ጊታር ስፒከር የሚለውጥ ማለማመድ የለም። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ ነው።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ስፒከሩን ለመግጠም ብላችሁ የአምፑን ሰሌዳ አትቁረጡ፣ ጫፎቹንም አትበይዱ፤ የተበየደ ዕቃ አይመለስም ይሏችኋል። ማስታወቂያውን ሳይጠፋ በፎቶ አስቀሩት፣ የመልቲሜትሩን ንባብና የጎማውን ጠርዝ በአንድ ፎቶ ላይ አንሱ፣ «ማስታወቂያው የጊታር ስፒከር፣ 8 ኦም ይላል፤ የደረሰኝ ባለ 4 ኦም የቤዝ ስፒከር ነው» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩ። «ድምፁ አልወደድኩትም» አትበሉ፣ እሱ የጣዕም ጉዳይ ይሆንና ያባርሯችኋል። የተለካ ኦም ግን የጣዕም ጉዳይ አይደለም።