ጥርሱ ሳያልቅ የሚሞት ጎማ፦ የጀልባ ተጎታቼ ከ16 ወር በኋላ

«ጎማው እኮ አዲስ ነው፤ ጥርሱን እየው!» አለኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። በአውሮፓውያን ጁላይ 2023 ነበር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን በመንገድ 50 ወደ ኦሽን ሲቲ ስንጓዝ የተጎታቹ የቀኝ ጎማ ፈንድቶ ዳር ይዘን ቆመናል። ድልድዩ ላይ አለመፈንዳቱን ሳስብ አሁንም ላብ ያጠምቀኛል።

እውነቱን ነው፣ ጥርሱ አላለቀም። ነገር ግን የላይኛው ላስቲክ ከሥሩ ካለው ሽቦ ተላቅቆ ፓራፋንጎውን ጨምድዶታል። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች 1917 ይላሉ፤ በ2017 አሥራ ዘጠነኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጀልባ ዓመቱን አብዛኛውን ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጎማው በርቀት ሳይሆን በዕድሜ ያልቃል፤ ፀሐይ ላይ ሸክሙን እንደያዘ ይደርቃል። ስኮርታውን ሳወርደው እሱም 1917! የመኪናዬ የቡሎን መፍቻ ደግሞ ለተጎታቹ ቡሎን አልገጠመም። አንድ መንገደኛ መፍቻ ባያውሰን ኖሮ እዚያው እናድር ነበር። (ባሕር ዳር ላደገ ሰው ነገሩ ሁሉ እንግዳ ነው፤ እዚያ የደንገል ታንኳ ከውኃ የሚወጣው እንዲደርቅ እንጂ አውራ ጎዳና ላይ ሊጎተት አይደለም።)

ዕድሜው ብቻ አልነበረም ጥፋቱ። በሳምንቱ የከባድ መኪናዎች ማደያ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ታንከሩ ሞልቶ፣ የበረዶ ሳጥኑና መልህቁ ተጭነው፣ ሁለቱ ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት 3,380 ፓውንድ ሆነ። የድሮዎቹ ጎማዎች የሸክም ደረጃቸው «ሲ» ነው፤ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲሞሉ አንዱ 1,760 ፓውንድ ይችላል። ሁለቱ ተደምረው የሚተርፋቸው 140 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ባትሪው ደግሞ በቀኝ በኩል ነው የተቀመጠው። በዚህ ላይ እኔ የመኪና ጎማ መስሎኝ 40 ብቻ ነበር የምሞላቸው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ እየተለመጠ ይግላል፤ ሙቀቱም ንጣፉን ያላቅቀዋል። ሻጩን ስወቅስ ሰንብቼ የራሴን እጅ አገኘሁበት።

በቦታቸው ሦስት ጉድይር ኢንዱራንስ ገዛሁ፣ ኤስቲ (ለተጎታች የተሠራ ማለት ነው) 205/75 አር14፣ የሸክም ደረጃ «ዲ»። በ65 ፒኤስአይ እያንዳንዱ 2,039 ፓውንድ ይሸከማል። ከመግዛቴ በፊት ቸርኬው 65 መቻሉን አረጋገጥኩ፤ ጎማው ቢችል ቸርኬው ካልቻለ ዋጋ የለውም። የፍጥነት ደረጃቸው «ኤን» ስለሆነ እስከ 87 ማይል በሰዓት ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ከ60 አላልፍም።

እስካሁን 3,100 ማይል ሄደዋል። ጉዞ ላይ ቆም ባልኩ ቁጥር በእጄ እዳስሳቸዋለሁ፤ ይሞቃሉ እንጂ አያቃጥሉም። አየር የሚጎድላቸው በአብዛኛው ብርድ ሲገባ ነው። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ጀልባው ሳይጫን ተጎታቹ በ65 ፒኤስአይ እንደ ፍየል ይዘላል። ዋጋቸውም ለኪሴ ቀላል አልነበረም።

ባለፈው ሜይ የግራው ጎማ መሃል እጄን ሲፈጀኝ ጎማውን ጠርጥሬ ነበር። ሲፈታ ኩሽኔታው ነው። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ የባሕር ውኃ ውስጥ ሲነከር በተቀደደው መከላከያ ላስቲክ በኩል ጨዋማ ውኃ ስቦ፣ ግራሶው ወተት የገባበት ቡና መስሏል። ሁለቱንም ኩሽኔታ ቀይሬ አዲስ ግራሶ አስሞላሁ። ጎማው ምንም አልሆነም።

ስኮርታውን አሁን ሸራ አልብሼዋለሁ፤ የሚገጥመው መፍቻም ከጀልባው ወንበር ሥር አለ። የባለቤቴ ወንድም ግን፣ እኔ መለኪያ ይዤ ስንበረከክ እያየ፣ ከመነሳታችን በፊት ጎማውን በእግሩ ይመታና «ሙሉ ነው» ይላል።