‹‹ሙሉ በሙሉ የታደሰ›› የሚል ቤት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት እየፈለጋችሁ ላላችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ኦፈር (ቤቱን በዚህ ዋጋ እገዛለሁ የሚል ሐሳብ) ከማስገባታችሁ በፊት ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

የማወራው ፍሊፕ ስለሚባሉት ቤቶች ነው። አንድ ነጋዴ ያረጀ ቤት በርካሽ ይገዛል፣ በጥቂት ወራት ያድሰዋል፣ በውድ ይሸጠዋል። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም። በፐርሚት፣ ማለትም በካውንቲው የግንባታ ፈቃድ፣ እና በጥንቃቄ የተሠሩ አሉ። እኔ ግን የምውለው ቤት እድሳት ላይ ነው፣ አዲስ ቀለም ከጀርባው ምን እንደሚሸፍን አያለሁ። ገንዘቡ የሚፈሰው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ነጭ ኪችን፣ ግራጫ የቪኒል ወለል፣ ጥቁር የበር እጀታ። ቤቱን የሚያቆመው ነገር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ማንም እጁን አያሳርፍም። ካሳረፈም አፍርሶ ይሄዳል።

አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ሜሪላንድ፣ ዊተን አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ገዙ። በ1950ዎቹ የተሠራ ባለ ቀይ ጡብ ራምብለር (ከቤዝመንቱ በላይ አንድ ፎቅ ብቻ ያለው ቤት) ነው። ሲገቡ ከሳሎን እስከ ኪችን ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ደስ ይላል። ታች ቤዝመንቱ ውስጥ ‹‹ሁለት መኝታ ቤት›› አለ፣ አከራይተው ሞርጌጁን ሊያግዙበት አስበው ነበር። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ የመኝታ ቤት በሮች አልዘጋ አሉ። የሳሎኑ ኮርኒስ መሃል ላይ ረገበ። ከበሮቹ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ወጣ። መሃንዲስ አስጠርተው ሲያዩት፣ ሳሎኑን ለማስፋት የተነሳው ግድግዳ ጣሪያ ተሸካሚ ነበር። በምትኩ የገባው እንጨት ያን ክብደት የሚችል አይደለም። ካውንቲው ጋ ሲጠየቅ በአድራሻው ለዚያ ሥራ የወጣ ፐርሚት የለም። ሻጩ ደግሞ ለዚያ ቤት ብቻ የተቋቋመ ኩባንያ ነበር፣ ቤቱ እንደተሸጠ ተዘግቷል።

ይሄ ሰው ላይ ሲደርስ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ለዓመታት በኡበርና በሆስፒታል ሺፍት የተጠራቀመ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ኪችኑን ከማድነቃችሁ በፊት ‹‹ይሄ ቤት መጀመሪያ ሲሠራ ምን ዓይነት ነበር?›› ብላችሁ ጠይቁ። የሚኖሩበትን የቤት ዓይነት ማወቅ የአርክቴክት ጉዳይ ብቻ ይመስላል እንጂ ገዢን የሚያድን እውቀት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሰበርቦች (ከከተማ ዳር ያሉ የመኖሪያ ሰፈሮች) የተሠሩት በጅምላ ነው። አንድ ገንቢ ሰፊ የእርሻ መሬት ይገዛል፣ ጥቂት ፕላኖች ይመርጣል፣ ያንኑ ደጋግሞ መንደር ሙሉ ይሠራል። ሌቪት የሚባለው ኩባንያ ኒውዮርክ ላይ ሌቪታውንን በ1947 ጀመረ። እዚሁ እኛ ዘንድ ቦዊ ውስጥ ያለውን ቤሌር የሚባለውን ሰፈርም በ1960ዎቹ የሠራው እሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ አናንዴል፣ ስፕሪንግፊልድ ብትዞሩ ያንኑ ታያላችሁ። ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች መንትያ ናቸው።

ይሄ ለእናንተ ትልቅ ዕድል ነው። የጎረቤቱ ቤት የእናንተን ቤት የድሮ ፕላን ያሳያችኋል። በዚያው መንገድ ላይ ቀደም ብለው የተሸጡ ቤቶችን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ያልታደሰ ካገኛችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እዚያ ግድግዳ አለ፣ እዚህ የለም። ግድግዳው የት ሄደ? ክብደቱን አሁን ማን ተሸከመው? ባለቤቱ ደጅ ላይ ካጋጠሟችሁም ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው በደስታ ይነግራችኋል፣ ፍሊፐሩ ምን ሲያደርግ እንደከረመም ያዩት እነሱ ናቸው።

በራምብለር ቤት በብዛት፣ ከጣሪያው ቁንጮ ጋር ትይዩ ሆኖ የቤቱን መሃል ለመሃል የሚሄደው ግድግዳ ተሸካሚ ነው። የኮርኒሱ እንጨቶች ከፊትና ከኋላ ግድግዳ ተነስተው የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። ሊነሳ ይችላል፣ ክልክል አይደለም። ግን መሃንዲስ ያሰላው ቢም (ክብደት የሚሸከም አግዳሚ) ይገባል፣ በሁለቱም ጫፍ ምሰሶ ይቆማል፣ የምሰሶውም ክብደት እስከ መሠረቱ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ሳሎኑ ክፍት ከሆነ ቤዝመንት ውረዱና ከቢሙ ጫፎች ሥር ምን እንዳለ እዩ። ምንም ከሌለ፣ ወይም ሁሉም በጂፕሰም ተሸፍኖ ሰነድም ካልቀረበላችሁ፣ ጠንቀቅ በሉ። ኬፕ ኮድና ስፕሊት ሌቭል የሚባሉት ሌሎች የቤት ዓይነቶች የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ነገር የተሠራበት ዓመት ነው። ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፣ ሰው ግን ያልፈዋል። ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የሊድ (የእርሳስ ብረት ያለበት) ቀለም ሊኖር ይችላል። ፍሊፐሩ ያንን ቀለም ያለ ጥንቃቄ ፍቆት ከሆነ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቤቶች ደግሞ የአሉሚኒየም የመብራት ሽቦ ሊኖራቸው ይችላል። የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንደሚለው፣ ከ1972 በፊት የተመረተ የአሉሚኒየም ሽቦ ያለበት ቤት፣ ማገናኛው እሳት ወደሚያስነሳ ደረጃ የመድረስ ዕድሉ ከመዳብ ሽቦ በ55 እጥፍ ይበልጣል። አዲስ ሶኬትና የሚያምር አምፖል ተገጥሞ ሽቦው የድሮው ሊሆን ይችላል። የብሬከር ሳጥኑንም ከፍታችሁ እዩ። ‹‹ፌዴራል ፓሲፊክ›› የሚል ካነበባችሁ፣ በአደጋ ጊዜ መብራቱን ላያቋርጥ የሚችል የድሮ ሳጥን ነውና የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ከ1978 እስከ 1995 ባለው ጊዜ የተሠሩ ቤቶች ላይ ግራጫ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ካያችሁ ፖሊቡቲሊን ሊሆን ይችላል፣ ሳይታሰብ ይፈነዳል።

ከቤቱ እስከ መንገድ የሚሄደውን የፍሳሽ ቧንቧ ማንም አያስታውሰውም። በድሮ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሸክላ ነው፣ የዛፍ ሥር ይገባበታል። በካሜራ አስፈትሹት። የካሜራው ዋጋ ግቢ ቆፍሮ ቧንቧ ከመቀየር ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

አሁን ቤዝመንቱ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ቤዝመንት ውስጥ ሰው እናኖራለን። ከአገር ቤት የመጣች እናት፣ አዲስ የገባ ዘመድ፣ ተከራይ። በግንባታ ደንቡ (ኮዱ) መሠረት ቤዝመንት ውስጥ ያለ መኝታ ክፍል እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። መስኮቱ ሲከፈት ቢያንስ 5.7 ካሬ ጫማ ክፍተት ይኑረው፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች፣ ስፋቱ ከ20 ኢንች አይነስ፣ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ አይበል። ልኩ በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። የተኛ ሰው ደረጃው በጭስ ሲዘጋበት እንዲወጣ፣ የአየር መተንፈሻ የተሸከመ እሳት አደጋ ሠራተኛም እንዲገባ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩት። ኮርኒስ ሥር ያለች ጠባብ መስኮት ብቻ ካለች ያ ክፍል መኝታ ቤት አይደለም። ማስታወቂያው ‹‹ባለ 5 መኝታ›› ቢልም እናንተ የምትገዙት ባለ 3 መኝታ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን።

አዲስ የተቀባ የቤዝመንት ግድግዳ ደግሞ እርጥበት ሊደብቅ ይችላል። ዝናብ በጣለ ማግስት ሄዳችሁ አሽትቱ። ደጅ ውጡና መሬቱን እዩ፣ ከቤቱ በሚርቀው የመጀመሪያ 10 ጫማ ውስጥ ወደ ውጭ ቢያንስ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ወደ ቤቱ ካዘነበለ ውሃው የሚሄደው ወደ እናንተ ነው። ራዶን የሚባለውን፣ ከመሬት የሚወጣ ጎጂ ጋዝም አስለኩ። ልኬቱ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ከደረሰ ማስተካከል እንደሚገባ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይመክራል። ሞንጎሞሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ ቤት ሲሸጥ ይህ ምርመራ እንዲደረግ በሕግ ይጠይቃል።

ፐርሚት ማየት ነጻ ነው። ካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ብቻ ማስገባት ይበቃል። ግን ‹‹ፐርሚት ወጥቷል›› የሚለው ብቻ አያሳርፋችሁ። የመጨረሻው ፍተሻ አልፎ መዘጋቱን አረጋግጡ። ፐርሚት አውጥቶ ኢንስፔክተር ሳይጠራ ግድግዳውን የዘጋ ብዙ ነው። የመብራቱ ፐርሚት ለብቻው ነው የሚታየው። በሞንጎሞሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የውሃና የጋዝ ቧንቧ ፐርሚት የሚሰጠው ደግሞ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ እዚያም ጠይቁ። አዲስ መታጠቢያ ቤት ተጨምሮ የቧንቧ ፐርሚት ከሌለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

‹‹ኢንስፔክሽኑን (ከግዢ በፊት የሚደረገውን የቤት ፍተሻ) ካልተዋችሁ ቤቱ ያመልጣችኋል›› የምትለዋ አነጋገር ብዙ ሰው አስበልታለች። ገበያው ሲጦፍ ውድድሩ ከባድ መሆኑን አልክድም። ግን መሃከለኛ መንገድ አለ። ኦፈር ከማስገባታችሁ በፊት የራሳችሁን ኢንስፔክተር ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ብዙ ኤጀንቶች ያመቻቹታል። ይህንንም ሻጩ ከከለከለ የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ነው የምወስደው። ኢንስፔክተሩን ራሳችሁ ምረጡት። ኤጀንቱ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር ወዳጅ ሊሆን ይችላል፣ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን ኤጀንት ገንዘቡን የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው፣ ለ30 ዓመት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይግባችሁ።

ሕጉም ሙሉ በሙሉ አይሸፍናችሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ የቤቱን ሁኔታ ከመዘርዘር ይልቅ ‹‹እንዳለ ነው የምሸጠው›› የሚል ወረቀት መስጠት ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን የሚያውቀውን፣ በዓይን የማይታይና ለጤና ወይም ለሕይወት አስጊ የሆነ ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበት። ቨርጂኒያ ደግሞ የማጣራቱን ሸክም በአብዛኛው በገዢው ላይ ነው የጣለችው።

‹‹የቀረውን ከክሎዚንግ (የሽያጩ ፊርማና ርክክብ) በኋላ የእኔ ሰው ይጨርስላችኋል›› የሚል ፍሊፐር ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። ራሳችሁ ሠሪ ስትቀጥሩም ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይፈቀድለትም። የስቴቱ የዋስትና ፈንድም የሚረዳው ፈቃድ ካለው ኮንትራክተር ጋር የተዋዋለን ሰው ነው።

ገዝታችሁ ከገባችሁና አሁን ስንጥቅ እያያችሁ ከሆነ፣ በቀለም አትሸፍኑት። ከነቀኑ ፎቶ አንሱት። ኮንትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት ሥራውን የማይሸጥላችሁ መሃንዲስ ጥሩ፣ በጽሁፍ ሪፖርት ይስጣችሁ። ከዚያ ጠበቃ አማክሩ፣ ጊዜ ይቆጠራል። ሜሪላንድ ውስጥ በጥቅሉ የ3 ዓመት ገደብ አለ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የማጭበርበር ክስ የ2 ዓመት ነው። የሽያጭ ማስታወቂያውን፣ ፎቶዎቹንና ‹‹ሙሉ በሙሉ የታደሰ›› የሚለውን ጽሁፍ ዛሬውኑ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ኢንተርኔት ላይ ሁልጊዜ አይቆይም፣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም እሱን ነው።